መጥቶ ሂያጅ መምህርና መጥቶ ሂያጅ ሞግዚት

ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ልጅ ማስተማርና መንከባከብ ከ60 ዓመታት በላይ ሲወደስም ሲወቀስም የኖረ ሥራ ነው። አወዳሾቹ ቅን ልብን ያወሳሉ፤ ወቃሾቹ የበላይነት ስሜትን፣ የፎቶግራፍ ናፍቆትን፣ አልፎ አልፎም የቅኝ ገዢነትን ርዝራዥ ያነሳሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚመረምሩት የሂያጁን ልብ ነው። ልብን ግን ከውጭ ሆኖ መመዘን ያስቸግራል፤ ቢመዘንም ክፍል ውስጥ ለተቀመጠው ልጅ የሚለውጥለት ነገር ጥቂት ነው። ለዝና ብሎ የሄደ ሰው ጥሩ የሒሳብ መምህር ሊወጣው ይችላል፤ ልበ ቅኑም ክፍሉን አተራምሶ ሊሄድ ይችላል። ከልብ ምርመራው ይልቅ መልስ የሚሹት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በጎ ፈቃደኛውን የጠራው ማን ነው? ቢያጠፋ ማን ያሰናብተዋል? ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚሰጠው አገልግሎትስ ለተተኪ የሚተላለፍ ነው ወይስ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚሄድ?

በእነዚህ ጥያቄዎች ሲታይ በአንድ ስም የሚጠራው ሥራ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ክፍፍል ተጠርቶ በሚሄድ ሠራተኛና ከፍሎ በሚሄድ ደንበኛ መካከል ያለው ነው። ሁለተኛው በማስተማርና በማሳደግ መካከል ያለው ነው፤ ትምህርት ከመምህር ወደ መምህር ይተላለፋል፣ የሞግዚት ፍቅር ግን አይተላለፍም። ብዙው ክርክር መላ ያጣው እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለያዘ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቨርደን እስከ ወሊሶ

የዘመናዊው የበጎ ፈቃድ ጉዞ ጅማሬ ከልጆች ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬሶል ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ቨርደን አጠገብ ወደምትገኘው ኤን የተባለች የፈረንሳይ መንደር ሄዶ ጦርነት ያፈረሰውን መጠገን ጀመረ፤ ከጓደኞቹ መካከል ጀርመኖችም ነበሩበት። ዓላማው ትናንት የተዋጉ ሰዎች አብረው አካፋ እንዲይዙ ማድረግ ነበር። ከዚያ የመነጨው ድርጅት ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሽናል ዛሬም አለ። ልጆችን የጉዳዩ ማዕከል ያደረገው የትምህርት ፍላጎት ነው። በ1958 እንግሊዛዊው አሌክ ዲክሰንና ባለቤቱ ሞራ የመሠረቱት ቪኤስኦ መጀመሪያ የላከው 2ኛ ደረጃን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ የ18 ዓመት ወጣቶችን ነበር። የ18 ዓመት ልጅ ሌላውን ምን ሊያስተምር ይችላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሳይቆይ ተነሳ። ድርጅቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምሩቃንን ወደ መላክ፣ በኋላም የሥራ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ብቻ ወደ መምረጥ አዘነበለ። ለወጣቶች ልምምድ ተብሎ የተጀመረ ነገር ወደ ሙያ ያደገው ተቀባዮቹ አገሮች ከስሜት ይልቅ ችሎታ ስለፈለጉ ነው።

የአሜሪካው ሰላም ጓድ በመጋቢት 1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ትእዛዝ ተቋቋመ። በሕግ የተሰጡት ዓላማዎች ሦስት ናቸው፤ አንዱ የሰለጠነ የሰው ኃይል ለሚፈልጉ አገሮች ማቅረብ ሲሆን ሁለቱ በአሜሪካውያንና በሌሎች ሕዝቦች መካከል መተዋወቅን ማስፋት ናቸው። ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ልጁ ምን ተማረ በሚል የሚለኩ አይደሉም። በመስከረም 1962 አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው ቡድን ከ270 በላይ ሰዎች ነበሩት፤ መሪው በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ሃሪስ ዎፎርድ ነበር። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ በኋላ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ፖል ሶንጋስም ወሊሶ ሲያስተምር የነበረ ነው። መምህራኑን የጠየቀው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ያስተማሩትም በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በኢትዮጵያዊ ርእሰ መምህር ሥር፣ በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ሲሄዱ ቋንቋ ተምረው፣ ሲቆዩ ሁለት ዓመት፣ ሲኖሩም በመጠነኛ የኑሮ አበል ነበር።

ይህ ሁሉ ከወቀሳ አላዳናቸውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ሲጋጋል የሰላም ጓድ መምህራን የአሜሪካ ፖሊሲ እጅ ተደርገው ታዩ፤ ከስለላ ጋር የሚያያይዛቸውም ብዙ ነበር። ፖለቲካው እንዳለ ሆኖ ወቀሳው አንድ ቁም ነገር ያዘለ ነው፤ የአንድ አገር 2ኛ ደረጃ ትምህርት በየሁለት ዓመቱ በሚለዋወጡ የውጭ ሰዎች ላይ ሊቆም አይችልም። ለዚህ የተሰጠው መልስ ከአገር ውስጥ መጣ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። አስር ዓመት ቆይቶ ደርግ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ አሰማራ። የኋለኛው መንፈሱም ውጤቱም ሌላ ነው፤ በጎ ፈቃድ ብሎ መጥራቱም ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ግን የውጭ መምህር የያዘውን ቦታ በአገር ልጅ የመተካት ግልጽ ሙከራ ነበር። ሰላም ጓድ በ1977 ሲወጣ ትምህርት ቤቶቹ አልተዘጉም። ያ ዘመን ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜያዊነቱ ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር።

በዚያው ዘመን እጅግ የተጠቀሰውን ተቃውሞ ያሰማው ካቶሊካዊው ቄስና ማኅበራዊ ተቺ ኢቫን ኢሊች ነው። በሚያዝያ 1968 በሜክሲኮዋ ኩዌርናቫካ ለተሰበሰቡ ሰሜን አሜሪካውያን ተማሪዎች ወደ መንደሮቹ ባይሄዱ እንደሚሻል ፊት ለፊት ነገራቸው። መከራከሪያው ሁለት እግር አለው። ወጣቶቹ ሳያውቁት የመካከለኛውን መደብ የአሜሪካ ኑሮ ሸቀጥ ይዘው ይሄዳሉ የሚለው አንዱ ነው። ሌላው ቋንቋውን የማይችል ሰው ያደረሰውን ጉዳት እንኳ ሊረዳ አይችልም የሚለው ነው። የመጀመሪያው የአስተሳሰብ ጉዳይ ስለሆነ ማስረጃ ቢደረደርለትም አይዘጋም። ሁለተኛው ግን ሊፈተሽ የሚችል ነው፤ የሚጸናውም ለክረምት እረፍት በሚሄዱት ላይ ነው። ኢሊች ያነጋገራቸው እንዲህ ዓይነቶቹን ነበር። ንግግሩን ሁለት ዓመት ቆይቶ በአማርኛ ወይም በስዋሂሊ በሚግባባ መምህር ላይ የሚደግሙ ጸሐፊዎች ሳይታወቃቸው ጉዳዩን ያደባልቁታል።

ደንበኛው ማን ነው?

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመጣው ለውጥ ከኢሊች ወቀሳ ይልቅ የጉዳዩን መልክ ቀይሮታል። በጎ ፈቃድ የሚሸጥ የጉዞ ዓይነት ሆነ። ኩባንያዎች ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር የሚቆይ ቆይታ ያዘጋጃሉ፤ ተጓዡ መኖሪያውን፣ ምግቡን፣ አስተናጋጁንና የኩባንያውን ትርፍ የሚሸፍን ገንዘብ ይከፍላል። በ2008 የወጣ የገበያ ጥናት በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ መልክ እንደሚጓዝ ገምቶ ነበር። ግምት ነው፤ የገበያው መጠን ግን ከእንግዲህ የጥቂት ቅኖች ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል።

ክፍያው በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰው በገንዘቡ ሄዶ ቢያገለግል ማን ይከለክለዋል? ችግሩ ክፍያው የኃላፊነትን አቅጣጫ መገልበጡ ነው። የ1962ቱ መምህር ክፍሉን ችላ ቢል ርእሰ መምህሩ ይከሰዋል፤ ሚኒስቴሩም ሊመልሰው ይችላል። ከፋዩን ግን ማን ያባርረዋል? ኩባንያው ገቢውን፣ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ልገሳውን ያጣል። ስለዚህ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ለከፋዩ እንዲመች ሆኖ ይቀረጻል፤ ቆይታው ያጥራል፣ መነሻ ቀኑ እንደ ተጓዡ ፍላጎት ይሆናል፣ የሙያ መስፈርቱ ይላላል። ሥራውም ከጉድጓድ ቁፋሮ ወይም ከመዝገብ ሥራ ይልቅ ወደ ልጆች ያዘነብላል፤ ልጅ ሲስቅ ውለታው ወዲያው ይታያልና። በአገሩ ያለ ፖሊስ ማረጋገጫና ያለ መምህርነት ፈቃድ የሕፃናት ክፍል በር የማይከፈትለት ሰው ሌላ አገር ሲደርስ በማግስቱ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። የነባሩ መምህር ነገር ደግሞ ብዙም አይነሳም። በየሦስት ሳምንቱ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ ያንኑ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያንኑ መዝሙር እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ የዓመቱን ትምህርት የመጨረስ ዕዳ ግን የነባሩ ነው።

የዚህ ገበያ ተሟጋቾች የሚሰጡት ምላሽ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተጓዦቹ የሚያመጡት ገንዘብ መንግሥት ያልደረሰበትን ትምህርት ቤት ያቆማል፤ ከተመለሱም በኋላ ልጅ የሚረዱ፣ ለሰፊው ዓለም ግድ የሚላቸው ዜጎች ይሆናሉ። ሁለተኛው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሙ ግን የተጓዡና የአገሩ ነው። የሰላም ጓድ ሕግ እንዳደረገው በግልጽ ዓላማ ተደርጎ ከተጻፈ ያስኬዳል፤ የልጁ ጥቅም ተብሎ ሲቀርብ ነው የሚያሻማው። ስለ ገንዘቡ ያለው መልስ ደግሞ አጭር ነው። ልገሳው ከጉብኝቱ ጋር እስከታሰረ ድረስ ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን የሚያገኘው ክፍሉን በመክፈት ነው። መምህር መቅጠር የሚያስችለው ብር ልምድ የሌለውን ሰው መምህር አድርጎ በመቀበል ብቻ የሚገኝ ከሆነ ስጦታው ቅድመ ሁኔታ አለበት።

በትምህርት በኩል ማስረጃው ምን ይላል?

ልምድ የሌለው ሰው ሊያስተምር አይችልም የሚለውን መከራከሪያ ማስረጃው ሙሉ በሙሉ አይደግፈውም፤ ይህን ተቺዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። በሕንድ ሙምባይና ቫዶዳራ ከ2001 እስከ 2003 ፕራታም የተባለው ድርጅት 2ኛ ደረጃ የጨረሱ የሰፈር ወጣት ሴቶችን በአነስተኛ ክፍያ ቀጥሮ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን እንዲያግዙ አደረገ፤ ልጆቹ በፈተና የሚታይ መሻሻል አሳዩ። በኡታር ፕራዴሽ ጃውንፑር ወረዳ ደግሞ ጥቂት ቀን የሰለጠኑ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ካለ ክፍያ የንባብ ትምህርት ሲሰጡ ዘወትር የተከታተሉ ልጆች ማንበብ ቻሉ። የዚህኛው ድክመት ሌላ ነበር፤ የመጡት ልጆች ጥቂት ሆኑ። ስለዚህ ረጅም ሥልጠና የሌለው ሰው አንድ ውስን ነገር፣ በተዘጋጀ ዘዴ፣ በተከታታይ ካስተማረ ይሳካለታል። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች የልጆቹን ቋንቋ ይናገራሉ፤ የሚኖሩት እዚያው ሰፈር ነው፤ የልጁን እናት ገበያ ላይ ያገኟታል። ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ከዚህ ሁሉ የሚጋራው የሥልጠናውን ማጠር ብቻ ነው።

ከኬንያ የተገኘው ማስረጃ ነጥቡን ይበልጥ ያጠራዋል። በምዕራብ ኬንያ በ2005 የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ተጨማሪ የኮንትራት መምህራን እንዲቀጥሩ ተደረገ፤ ደመወዛቸው ከመንግሥት መምህር እጅግ ያነሰ ነበር። ከክፍል መቅረታቸው አነስተኛ ሆነ፤ የተማሪዎቻቸውም ውጤት ከፍ አለ። በኋላ ያው አሠራር በሰፊው ሲሞከር ቅጥሩን መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት በመራባቸው ትምህርት ቤቶች ውጤት ሲያመጣ መንግሥት በመራባቸው ግን ምንም ለውጥ አልታየም። ሥራውና የቅጥር ዓይነቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለየው አስተዳደሩ ነው። የበጎ ፈቃደኛው ጉዳይም ከሰውየው ዜግነት በፊት ተጠሪ የሚሆንለትን አለቃ ማየት የሚሻው ለዚህ ነው።

የውጭ መምህር የተሻለ የሚጠቅምበት ቦታ ታዲያ የት ነው? ቪኤስኦ በኢትዮጵያ የሄደበት መንገድ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ከ2003 ጀምሮ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የተዘረጋውን የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞቹ ሲመሩ የያዙት ልጆችን ሳይሆን የመምህራንን አሠልጣኞች ነበር፤ ኢትዮጵያውያን አብረዋቸው ሠርተው ኃላፊነቱን ተረከቡ። በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ በፕሮግራሙ በኩል ከላይ የመጣው ተማሪ ተኮር ዘዴ 70 እና 80 ልጅ ለሚታጨቅበት ክፍል አይመጥንም የሚል ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ክርክሩ ግን በሙያተኞች መካከል፣ ስለ ሙያ የሚደረግ ነው፤ ልጆቹ የማንም መሞከሪያ ሳይሆኑ ሊካሄድ ይችላል።

ሞግዚት መለዋወጥ

ወደ ማሳደግ ስንመጣ ማስረጃው ሌላ ነው፤ ሚዛኔም እዚህ ላይ ይለወጣል። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ሕፃን ለአእምሮ ጤንነቱ ከእናቱ ወይም ከቋሚ ተኪዋ ጋር ቀጣይነት ያለው ትስስር እንደሚያስፈልገው ገለጸ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ተከታትላ ትስስሩ እንዴት እንደሚያድግ አሳየች። ነገሩ የምዕራባውያን ቤተሰብ ፈጠራ ነው ለሚሉ ይህ የኡጋንዳ መነሻ መታወስ አለበት።

ይበልጥ የሚነግረን ግን ብዙ የማይጠቀሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የባርባራ ቲዛርድ ጥናት ነው። የመረመረችው የለንደን ማሳደጊያዎችን ነው፤ መጫወቻ፣ መጽሐፍና በቂ ሠራተኛ የነበራቸው ንጹሕ ቤቶች። የልጆቹ የአእምሮ ችሎታ ከእኩዮቻቸው አላነሰም። ነገር ግን ሠራተኞቹ ይለዋወጡ ነበር፤ አንድ ልጅ አራት ዓመት ተኩል እስኪሞላው በአማካይ 50 የሚሆኑ አሳዳጊዎች ተፈራርቀውበታል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከማያውቁት ሰው ጋር ያለ መጠን የሚላመዱ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያቅፉ፣ ከማንም ጋር ግን ሥር የሰደደ ትስስር የሌላቸው ሆኑ። ጎብኚ በማሳደጊያ በር ሲገባ ሮጦ እጁን የሚይዘው ልጅ ፍቅር ያሳየ ይመስላል፤ ተጓዡም በዚያ ልቡ ይነካል። ጥናቱ የሚለው ይህ የጉዳት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ነው። ተመራማሪዎቹ ሊንዳ ሪችተርና ኤሚ ኖርማን በ2010 ስለ ደቡባዊ አፍሪካ ሲጽፉ የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ወረፋ ይህንኑ ጉዳት እየደጋገመ እንደሚፈጥር አስጠንቅቀዋል።

በሩማኒያ የተደረገው የቡካሬስት ጥናት በይበልጥ የሚታወቀው በጥብቅ ዘዴው ነው። በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለዚሁ ወደ ተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ተላኩ፤ ግማሾቹ በነበሩበት ሥርዓት ቆዩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገት ቀደሙ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የወጡት ይበልጥ። ተቃዋሚዎች ትክክለኛ ነገር ያነሳሉ፤ ሩማኒያ ከቻውሼስኩ ዘመን የወረሰችው ማሳደጊያ እጅግ የከፋ ስለነበር ለሁሉም መለኪያ አይሆንም። የሚጠቅሱት ማስረጃም ጠንካራ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ዌተንና ባልደረቦቿ በ2009 ባወጡት ጥናት በካምቦዲያ፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን አወዳድረው በማሳደጊያ ያሉት ማኅበረሰቡ ውስጥ ከሚያድጉት ወላጅ ያጡ ልጆች በጤናም በስሜትም እንዳልከፉ አገኙ። ማሳደጊያ ሁሉ ይዘጋ ለሚለው ወገን ይህ የጉሮሮ አጥንት ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ ግን ይቻላል። ቡካሬስት የተጠኑት ገና ትንንሽ ሕፃናት ነበሩ፤ የዌተን ልጆች ትምህርት ቤት የደረሱ ናቸው። የተወዳደሩትም ከደህና ቤተሰብ ጋር ሳይሆን በድህነትና በሞት ከተመታ ዘመድ ቤት ጋር ነው። የመጨረሻውን ቁልፍ የሚሰጠው የሴንት ፒተርስበርጉ ሥራ ነው። የሩሲያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሕፃናት ማሳደጊያዎቹን ሳይዘጉ ሁለት ነገር ለወጡ፤ ሠራተኞቹን አሠለጠኑ፣ እያንዳንዱ ልጅ በጥቂትና ቋሚ ሰዎች እንዲያዝ አደረጉ። ልጆቹ በአካልም በአእምሮም ተሻሻሉ። እንግዲህ ማሳደጊያ የግድ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ክርክር ባይዘጋም ለበጎ ፈቃደኛው ጥያቄ መልሱ አንድ ይሆናል። ከጥናቶቹ አንዳቸውም የአሳዳጊ መለዋወጥን አይደግፉም። ማሳደጊያን ሳይዘጋ ያሻሻለው የሴንት ፒተርስበርጉ ሥራ ሳይቀር የሚደግፈው ሰው የማይፈራረቅበትን ቤት ነው።

ወላጅ ያላቸው ወላጅ አልባዎች

እስካሁን ያለው የልጁ የውስጥ ጉዳት ነው። ገበያው ከዚህ ቀደም ብሎ፣ ልጁ ከቤቱ ሲወጣ ሥራውን ይጀምራል። የዩኒሴፍ አቆጣጠር አንድ ወላጁን ያጣንም የሙት ልጅ ይለዋል፤ በዚህ ስሌት በ2015 በዓለም 140 ሚሊዮን ገደማ የሙት ልጆች ሲቆጠሩ ሁለቱንም ያጡት ግን 15 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 እንዳስታወቀው በማሳደጊያ ካሉት ልጆች ከአምስት አራቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ካምቦዲያ ጉዳዩን አጉልታ አሳየች። ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎቿ ቁጥር ከ154 ወደ 269 ሲጨምር ለዚህ ምክንያት የሚሆን ጦርነትም ወረርሽኝም አልነበረም፤ የጨመረው ቱሪስት ነው። በኔፓል ደግሞ በወቅቱ ከነበሩት 75 ወረዳዎች መካከል አምስቱ ብቻ፣ ካትማንዱና ጎብኚ የሚበዛባቸው፣ ከማሳደጊያዎቹ 90 በመቶ ያህሉን ይዘው ተገኙ። የሙት ልጅ በጎብኚ መንገድ ዳር ብቻ አይበቅልም። ደላሎች ሩቅ ወደሆኑት ተራራማ ወረዳዎች ሄደው ትምህርት ቤት እናስገባላችሁ ብለው ልጅ ያመጣሉ፤ አውስትራሊያዊቷ የሕግ ምሁር ኬት ቫን ዶር እንዲህ ያሉትን የወረቀት ሙት ልጆች ብላ ትጠራቸዋለች።

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ በሌላ በሩ ታውቀዋለች። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 ያህል ልጆች በጉዲፈቻ ሄዱ፤ ከማሳደጊያ እስከ ኤጀንሲ የተዘረጋው የገንዘብ መስመር ወላጅ ያላቸውን ልጆች ጭምር እየሳበ ነው የሚለው ክስ እየበረታ መጥቶ በጥር 2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ተከለከለ። ጉዲፈቻና በጎ ፈቃድ አንድ አይደሉም፤ የሚያመሳስላቸው የውጭ ፍላጎት የልጅ አቅርቦትን መፍጠሩ ነው። ይህን ስል የአገር ልጅ ያቆመውን ማሳደጊያ ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም። አበበች ጎበና በ1980 ከወሎ ረሃብ ባመጧቸው ሁለት ሕፃናት የጀመሩትና እስከ 2021 ዕለተ ሞታቸው የመሩት ሥራ እዚያው የኖሩ፣ ልጆቹም እናት ብለው የሚጠሯቸው ሰው ነበሩት። የመጥቶ ሂያጅ ሞግዚት ተቃራኒ እንዲህ ያለው ነው።

የልጆች ደኅንነት ጉዳይ ረጅም ክርክር አያሻውም። በ2016 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በናይሮቢ ማሳደጊያ በበጎ ፈቃድ ያገለግል የነበረን ወጣት በልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት 40 ዓመት ፈርዶበታል። በወሎ ጃሪ በነበረው የሕፃናት መንደር የተፈጸመው ግን ጥንቃቄን ለበጎ ፈቃደኛው ብቻ ማዋል ስሕተት እንደሆነ ያሳያል፤ በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ የመንደሩ ኃላፊ እንጂ መጥቶ ሂያጅ አልነበረም።

ያልተዘጉ ክርክሮች

ሕጉ ከ2009 ወዲህ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያዎችን ተቀበለ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የራሷን የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ አወጣች። ሩዋንዳ በ2012 ማሳደጊያዎቿን እየዘጋች ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስ ስልት ጀመረች፤ ኬንያ በ2017 አዲስ ማሳደጊያ መመዝገብ አቆመች፤ አውስትራሊያ በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ልጅን ለማሳደጊያ ገበያ ማዘዋወርን ከባርነት ገጽታዎች ቆጠረችው። በታኅሣሥ 2019 ጠቅላላ ጉባኤው ከቱሪዝም ጋር የተያያዘ የማሳደጊያ በጎ ፈቃድ የሚያስከትለውን ጉዳት አገሮች እንዲከላከሉ ጠየቀ።

ከእነዚህ እርምጃዎች በኋላ የሚመጣው ግን ቀላል አይደለም። ተጓዡ ሲቀር ገንዘቡም ይቀራል፤ ማሳደጊያው ሲዘጋ ልጁ የሚመለሰው መጀመሪያ ካስወጣው ድህነት ነው። መዝጋትን የሚደግፉት ገንዘቡ ወደ ቤተሰቡ ይዙር ይላሉ። አሳማኝ ነው፤ ሆኖም ለጋሹ የሚሰጠው ልጁን ስላየ ከሆነ ላላየው ቤተሰብ መስጠቱን ማን ያረጋግጣል? በሩዋንዳ ሥራው የተራመደው መንግሥት የማኅበራዊ ሠራተኞችን መዋቅር ስለዘረጋለት ነው። ይህ በሌለበት አገር ክልከላው ማሳደጊያውን ከመዝገብ ያወጣዋል እንጂ ከሰፈር አያወጣውም።

ሌላው ያልጠራ ነጥብ የዲያስፖራው ነው። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ ያደገች የኢትዮጵያውያን ልጅ ለክረምት መጥታ ብታስተምር የውጭ በጎ ፈቃደኛ ናት ወይስ የአገር ልጅ? አንዳንዶች ቋንቋውና ዝምድናው ጉዳዩን ይለውጠዋል ይላሉ። በማስተማር በኩል እስማማለሁ፤ አማርኛዋ ደህና ከሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋር ተመድባ በክረምቱ የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሳተፉት የአገር ቤት ተማሪዎች ብትሠራ ከጃውንፑር ወጣቶች ብዙ አትርቅም። በሕፃናት ማሳደጊያ በኩል ግን ለሦስት ዓመት ልጅ ፓስፖርት ልዩነት የለውም። የምትቆየው ስድስት ሳምንት ከሆነ የእሷም መምጣትና መሄድ ከቲዛርድ ሃምሳዎቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ወጥ ቤት ብትሠራ፣ ሒሳብ ብትይዝ፣ ቋሚዎቹ ሞግዚቶች እረፍት እንዲያገኙ ልብስ ብታጥብ ግን አይቆጠርም። ይህን ሥራ የሚያቀርብ ኩባንያ ለማግኘት መሞከር ገበያው ለማን እንደቆመ ለመለየት ከብዙ ጥናት የማያንስ መመዘኛ ነው።